የሆቴል ታክስ ገንዘብ አወጣጥና ቁጥጥሩ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንችስ ሠፈር፣ ለሆቴሎች ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ እንግዳው የሚከፍለው ታክስ የሚደርስበትን ቢያውቅ ይጠቀማል።

ዋጋው 1,000 ብር በሆነ ክፍል ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲታከል 1,100 ብር ይሆናል። በዚህም ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 165 ብር፣ ሲጨመር እንግዳው 1,265 ብር ይከፍላል። የአገልግሎት ክፍያው 100 ብር የመንግሥት ገቢ አይደለም። ታክሱ ግን በሆቴሉ እጅ ያለ የመንግሥት አደራ ስለ ሆነ፣ ሆቴሉ ለአቅራቢዎቹ በደረሰኝ የከፈለውን ታክስ አቀናንሶ ቀሪውን ያስገባል።

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ከተሞች የሚሰበስቡት የሆቴል ቀረጥ ለቱሪዝምና ለሆቴል ሥራ ማስፋፊያ እንዲውል ሕግ ወስኖታል። በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም፤ ለከተማው የሚደርሰው ድርሻ ከሌላው ገቢ ጋር በአንድ ካዝና ይቀላቀላል። ስለዚህ የካዛንችስ ሆቴሎች ታክስ ለካዛንችስ መንገድ መዋሉን ለይቶ መመርመር አይቻልም።

ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የሚሠራበት በጀት በከተማው ምክር ቤት ከመጽደቁ በፊት ነው። ሁለተኛው፣ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከተማው ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361 መሠረት፣ ዋናው ኦዲተር ሒሳቡን መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ሲያቀርብ ነው።

ይሁን እንጂ ያለ ደረሰኝ የተሸጠ ዕቃ ታክሱ ከካዝና አይገባም፤ ከካዝና ያልገባውንም ገንዘብ ምክር ቤት ሊመድበው፣ ኦዲተርም አወጣጡን ሊመረምረው አይችልም።