ከባሕር ዳር ቆሞ መብላት

በእኛ አገር በልጅነቱ «ቆመህ አትብላ» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለንም። ምግብ እጅ ታጥቦ፣ ቁጭ ተብሎ፣ ከቤተ ሰብ ጋራ በአንድ ማዕድ የሚቀርቡት ነገር ነው። በመንገድ ላይ እያኘከ የሚሄደውን ሰው ያየ ሁሉ «አሳዳጊ የበደለው» ይለዋል። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ፣ ከረባት አስሮ፣ መሥሪያ ቤት የገባው ወጣት ደግሞ ከመንገድ ዳር አንድ ሳምቡሳ ገዝቶ ሊነክስ ሲል አለቃው እንዳያየው ግራና ቀኙን ይቃኛል። እኛም ከዚሁ ወገን ነን።

በአሜሪካን አገር ግን ዳኛውም ወዛደሩም ጫማው አሸዋ እንደ ሞላ በባሕር ዳር ከአንድ ባንኮኒ ፊት ቆሞ፣ በወረቀት የቀረበለትን የተጠበሰ ድንችና ዓሣ እየበላ ጣቱን ሲልስ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ባንኮኒ ነው። በፊቱ ማን ይቆማል፣ በስንትስ ዋጋ የሚለው ጥያቄ ያን አገር ብዙ አከራክሮታልና። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ባንኮኒው የሚገኘው በባሕሩ ዳርቻ ላይ በተነጠፈው የሳንቃ መንገድ ዳር ነው። አሜሪካኖች «ቦርድ ዎክ» ይሉታል። የመጀመሪያው ዝነኛ የሳንቃ መንገድ በ1870 በኒው ጀርሲ ግዛት በአትላንቲክ ሲቲ ተሠራ። ምክንያቱ የሚያስቅ ነው፤ ባሕር ሲያይ የዋለው እንግዳ በጫማው አሸዋ ይዞ ወደ ሆቴሉና ወደ ባቡሩ እየገባ ምንጣፉን ስላስቸገረ፣ እግሩን የሚያራግፍበት መንገድ ይነጠፍለት ተባለ። ለምንጣፍ ሲባል የተነጠፈው ሳንቃ ዳር ዳሩን ነጋዴ ያዘውና ገበያ ሆነ። ከገበያውም ሁሉ መጥበሻ ያለው ሰው በለጠ።

መጥበሻው ለምን እንደ በለጠ ማስረዳት ይገባናል። ዘይቱ ከ175 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግላል። ድንቹ ወይም ዓሣው ሲገባበት በውስጡ ያለው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ቸስ የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየገፋ እስካለ ድረስ ዘይቱ በብዛት ወደ ውስጥ ሊዘልቅ አይችልም። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ በገዛ እንፋሎቱ ይበስላል። ዘይቱ ሳይግል የጨመረ ሰው ግን ዘይት የጠጣ ድንች ያወጣል። ደግሞም ከዘይቱ ከወጣ በኋላ ቢቆይ በውስጡ የቀረው እርጥበት ወደ ቅርፊቱ ይሻገርና ያለሰልሰዋል። እንግዲህ ያ ምግብ ምግብ የሚሆነው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ወደ ቤት ወስጄ፣ ጠረጴዛ ዘርግቼ እበላለሁ የሚል ሰው የሚበላው ሌላ ነገር ነው። ቆሞ መብላቱን ያመጣው የአስተዳደግ ጉድለት ሳይሆን የዘይቱ ጠባይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በሜሪላንድ ግዛት በኦሽን ሲቲ ከ1929 ጀምሮ ድንች ብቻ ሲጠብስ የኖረ «ትራሸርስ» የሚባል ቤት አለ፤ በኦቾሎኒ ዘይት ይጠብሳል፣ ጨውና ሆምጣጤ ይሰጣል፣ ኬቻፕ ለሚጠይቀው ግን የለም ይለዋል። እንዲህ ያለውን ግትርነት እንወደዋለን።

ከበላተኛው በቀር ያን ሽታ የሚያውቀው የባሕር ወፍ ነው። ከሰው እጅ ድንች እየነጠቀ ስላስቸገረ፣ በኒው ጀርሲ ያለችው ሌላዋ ኦሽን ሲቲ በ2019 ጭልፊት የሚያሠለጥኑ ሰዎችን ቀጥራ ወፎቹን በወፍ አስፈራራች። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዶ የተጠበሰ ዓሣ የበላ አንባቢያችን፣ አባ ኮዳ ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ ከአጠገቡ ሲቆም ስላየ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የባንኮኒውን ታሪክ በሚገባ ለማየት ግን ወደ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ወደ ብሩክሊን ደቡብ ጫፍ፣ ኮኒ አይላንድ ወደሚባለው ስፍራ መሻገር ያስፈልጋል። እዚያ ቻርልስ ፌልትማን የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ በ1860ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ቋሊማ በዳቦ ውስጥ አድርጎ በጋሪ መሸጥ ጀመረ። ኋላም ከበረና ትልቅ ምግብ ቤት ሠራ። በዚሁ ምግብ ቤት ዳቦ እየሰነጠቀ ይሠራ የነበረው ናታን ሃንድወርከር በ1912 ከገሊሺያ የመጣ ድኻ አይሁዳዊ ነበር። በ1916 ከጌታው ቤት ወጥቶ ሰርፍ አቬኑና ስቲልዌል አቬኑ ከሚገናኙበት ማዕዘን ላይ የራሱን ባንኮኒ ከፈተ። ፌልትማን ቋሊማውን በ10 ሳንቲም ሲሸጥ እሱ በ5 ሳንቲም አደረገው።

የዋጋው መርከስ ግን ጠላት ሆነበት። ጊዜው ሕዝቡ ሥጋ የሚጠራጠርበት ዘመን ነበር። አፕተን ሲንክሌር በ1906 የቺካጎን ቄራዎች ቆሻሻ በመጽሐፍ አውጥቶ አገሩን ካስደነገጠ ገና 10 ዓመቱ ነው፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት የሥጋ ምርመራ ሕግ አውጥቶ ነበር። ግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ቋሊማ ከምን ሥጋ ቢሠራ ነው የሚል ሐሜት ተነሣ። ሲተረክ እንደምንሰማው፣ ናታን ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎችን በነጻ እየጋበዘ ከባንኮኒው ፊት አቆማቸው። መንገደኛውም «ሐኪሞቹ ከበሉትማ» ብሎ ተከተለ። ታሪኩ በጥቂቱ ተሸልሞ ይሆናል፤ የዚያ ሰፈር ሰዎች ነገር መሸለም ይወዳሉ። በያመቱ ሐምሌ 4 ቀን የሚደረገው የቋሊማ መብላት ውድድር ከ1916 ጀምሮ የነበረ ነው ሲባል ኖሮ፣ ይህን ያስወራው የማስታወቂያ ሰው በ2010 ወሬው የራሱ ፈጠራ መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሯል።

ያም ሆነ ይህ፣ በ1920 የምድር ውስጥ ባቡር ሲደርስና ክፍያው 5 ሳንቲም ሲሆን፣ በጨርቅ ስፌት ቤት ስድስት ቀን የዋለችው ልጅ በሰባተኛው ቀን በ5 ሳንቲም ሄዳ በ5 ሳንቲም መብላት ቻለች። ባሕሩ ግን ገና አጥር ነበረው። የባሕር መታጠቢያ ባለ ቤቶች ዳርቻውን እየከለሉ ያስከፍሉ ነበር። ከተማው ዳርቻውን ለሕዝብ አድርጎ፣ ከባሕር አሸዋ እያስቀዳ አስፍቶ፣ 24 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን የሳንቃ መንገድ በ1923 ከፈተ። ዛሬ ርዝመቱ ከ4 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ለመራመጃው አይከፈልም።

በባንኮኒው ላይ ከቋሊማውና ከድንቹ ጋራ ክላም ይቀርባል። ይህ በሁለት ዛጎል መካከል፣ በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር ፍጥረት ነው። ከዛጎሉ ተላቅቆ፣ በወተት ተነክሮ፣ የበቆሎ ዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ስለሚከለክል፣ የእኛ ቤት ሰው ሲያየው ፊቱን ያዞራል። የአይሁድም ሕግ ይኸው ነው። የናታን ቋሊማ ከበሬ ሥጋ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ ያው ቤት ክላም መጥበሱ አልቀረም። ከየአገሩ የመጣው ሰው ሁሉ በአንድ ባንኮኒ ላይ ሲደገፍ፣ ምኑን በልቶ ምኑን እንደሚተው ለየራሱ ይወስናል።

በሰኔ 1939 የእንግሊዙ ንጉሥ ስድስተኛው ጆርጅ አሜሪካን ሲጎበኙ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሃይድ ፓርክ ርስታቸው በሜዳ ግብዣ ሆት ዶግ አቀረቡላቸው፤ ጋዜጦችም አስጮኹት። የወዛደር ምግብ ከንጉሥ ማዕድ ደረሰ ተብሎ ብዙ ተጻፈ። በዚያው ዘመን በአትላንቲክ ሲቲ የሆነውን ግን ያን ያህል የጻፈለት አልነበረም።

በአትላንቲክ ሲቲ ሆቴሎች የሚያበስለው፣ የሚያነጥፈውና ሻንጣ የሚሸከመው አብዛኛው ሠራተኛ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ከ1900 ገደማ ጀምሮ ግን ነጮቹ እንግዶች ቅር እንዳይላቸው ተብሎ፣ ጥቁሮቹ በሚዙሪ አቬኑ ፊት ለፊት ባለው የባሕር ዳርቻ ብቻ እንዲወሰኑ ተደረገ። ምግብ ቤቱም እንደ ልብ አያስተናግዳቸውም። ስለዚህ እናቶች ከየቤታቸው ዶሮ ጠብሰው በቅርጫት ይዘው ይመጡ ነበር። በአሸዋው ላይ ከቀረው አጥንት የተነሣ ስፍራው «የዶሮ አጥንት ዳርቻ» ተባለ። ስሙ ለስድብ የወጣ ነው። የስፍራው ሰዎች ግን ስሙን ራሳቸው ወሰዱት፤ ሳሚ ዴቪስ ጁኒየርን የመሰሉ ዝነኛ ዘፋኞች እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጠዋል። በምግብ ቤትና በሆቴል ሰውን በቀለሙ መለየት በአገሩ ሁሉ በሕግ የተከለከለው ሐምሌ 2 ቀን 1964 ነው።

እንግዲህ የሌላውን ድንች እየጠበሰ ሲያቀርብ የዋለ ሰው፣ ከባንኮኒው ማዶ ተሻግሮ ለራሱ አንድ ወረቀት ድንች እንደ ልቡ መግዛት አይችልም ነበር። እኛ ቆሞ መብላትን እንደ ውርደት ስንቆጥር፣ ያ ሰው ደግሞ እዚያ መቆም ተከልክሎ ነበር።

ዛሬ በኮኒ አይላንድ ባንኮኒው አለ። በጥቅምት 2012 «ሳንዲ» የተባለው ማዕበል ውሃ ሞልቶበት ቢዘጋም፣ በግንቦት 2013 እንደ ገና ተከፈተ። የሳንቃው መንገድ በ2018 በከተማው ቅርስነት ተመዘገበ፤ በአንዳንዱ ክፍል ግን ሳንቃው ተነሥቶ ሲሚንቶ ስለ ፈሰሰ ነዋሪው ተቈጥቷል።

የዋጋው ነገር ይበልጥ ያሳስበናል። የ1916ቱ 5 ሳንቲም በዛሬ ገንዘብ ወደ 1 ዶላር ተኩል ቢሆን ነው። በዚያው ማዕዘን ዛሬ አንድ ቋሊማ ከ5 ዶላር በላይ ይሸጣል፤ ባቡሩም ወደ 3 ዶላር ደርሷል። አምስት ሰዎች ሄደው፣ አንዳንድ ቋሊማ በልተው ለመመለስ በ1920 የሚያወጡት 75 ሳንቲም ነበር፤ ዛሬ ከ50 ዶላር ያልፋል። ድንቹና ክላሙ ገና አልተቈጠረም። ስለዚህም በበጋ እሑድ ከባቡሩ ከሚወርዱት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ከቤት የተጠበሰ ዶሮ በሣጥን ይዘው በባንኮኒው አጠገብ አልፈው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ።