ሻርል የሚባለው ስም፦ ተረቱና እውነታው

ከቤይሩት በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በሜትን አውራጃ ኮረብታ ላይ የምትገኘው ፋናር የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ፋኩልቲዎች ያሉባት፣ ነዋሪዎቿም በብዛት ክርስቲያኖች የሆኑባት ዳርቻ ናት። እንደ እርሷ ባሉ ሰፈሮች ኤሊ፣ ጆርጅ፣ ሻርበልና ሻርል የሚሉት የወንድ ስሞች እንግዳ አይደሉም፤ በሰው ቤት ሠርተው የሚያድሩ ኢትዮጵያውያንም «ሚስተር ሻርል» ብለው የሚጠሩት አሠሪ አያጡም። ስሙ ይህን ያህል የተለመደ ቢሆንም፣ ስለ ምንጩና ስለ ትርጉሙ ከሚነገረው ውስጥ ሲመረመር የሚጸናው ጥቂት ነው።

በሰፊው የሚነገረው፣ ሻርል የፈረንሳይ ስም እንደሆነና ወደ ሊባኖስም በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን እንደገባ ነው። ሞግዚትነት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታቱ ማኅበር የተሸናፊዎቹን ግዛቶች ድል አድራጊዎቹ እንዲያስተዳድሯቸው ያስረከበበት ሥርዓት ሲሆን፣ ሊባኖስ ውስጥ ከ1920 እስከ 1943 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ቆይቷል። ነገር ግን በ1948 የወጣውን ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በማርቀቅ ስሙ የሚነሣው ሻርል ማሊክ የተወለደው በ1906፣ አገሩ ገና በኦቶማን ቱርኮች እጅ ሳለች ነው፤ በ1926 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ሻርል ዳባስም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ቀድሞ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ስሙን ያመጣው አገር ገዢ ሳይሆን ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነው ማለት ይቀላል፤ ከሮም ጋር አንድነት ያላት የማሮናይት ቤተ ክርስቲያን ካህናት የሚማሩበት ኮሌጅ ሮም ውስጥ የተከፈተው በ1584 ሲሆን፣ ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ደግሞ የቅዱስ ዮሴፍን ዩኒቨርሲቲ ቤይሩት ላይ ያቋቋሙት በ1875 ነው። በተረቱ ውስጥ እውነት የለም ማለት ግን አይደለም፤ ስሙ ቻርልስ ወይም ካርል ሳይሆን ሻርል ተብሎ መጠራቱ በፈረንሳይኛ በኩል ማለፉን ያሳያል። በአሜሪካውያን የትምህርት ተቋማት ተምሮ ያደገው ማሊክ እንኳ በአረብኛ የሚጻፈው በዚሁ መልክ ነው።

መልኩ ፈረንሳይኛ ይሁን እንጂ ሥሩ ጀርመናዊ ነው። «ጀርመናዊ» ሲባል የዛሬዋ ጀርመን ብቻ ሳትሆን የእንግሊዞች፣ የሆላንዶችና የስዊድናውያን ቋንቋዎች የወጡበት ሰፊ የቋንቋ ቤተሰብ ነው። ፈረንሳይ ስሟን የወሰደችባቸው ፍራንኮችም ከዚህ ቤተሰብ የሆነ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ አረቦች በእነርሱ ስም ምዕራባውያንን ሁሉ «ኢፍረንጅ» ማለት ጀመሩ፣ አማርኛውም «ፈረንጅ» ያለው ከዚያው ነው። ሻርል እንግዲህ በቃሉ የጥንት ትርጉም የፈረንጅ ስም ነው።

ከዚህ ይልቅ ሥር የሰደደው ስሕተት ግን ስሙ «ንጉሥ» ማለት ነው የሚለው ነው። የጥንቱ ጀርመናዊ ቃል ሰው፣ በተለይም ነፃ ሰው፣ በድሮው አማርኛ ደግሞ ጨዋ፣ ማለትም ባሪያ ያልሆነ ማለት ነበር፤ በጥንታዊት እንግሊዝ ሕግ ውስጥም ከዚያው ሥር የወጣው መጠሪያ ከባሪያ በላይ፣ ከመኳንንት በታች ያለውን ገበሬ ያመለክት ነበር። የሁለቱ ቃላት ዕጣ ግን ተለያይቷል፤ «ጨዋ» ከነፃነት ተነሥቶ ወደ መልካም ጠባይ ከፍ ሲል፣ የእንግሊዙ ቃል ወርዶ የባለጌ ስድብ ሆነ። ንግሥናው ከስሙ ጋር የተያያዘው በ800 የገና ዕለት ሮም ላይ ዘውድ በደፋው በታላቁ ሻርል፣ በሻርለማኝ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ምሥራቃዊ ጎረቤቶቹ የሆኑት ስላቮች የእርሱን ስም ለንጉሥ ሁሉ መጠሪያ ስላደረጉት ሩሲያውያን «ኮሮል»፣ ቼኮች «ክራል» ይላሉ፤ ኦቶማኖችም ቃሉን ከስላቮች ወስደው የአውሮፓን ክርስቲያን ነገሥታት «ክራል» ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ስሙ ከንጉሥ የተገኘ ሳይሆን የንጉሥ መጠሪያው ከስሙ የተገኘ ነው።

ሻርል የሻርበል አጭር መጠሪያ ነው የሚለው ግምት ከድምፅ መመሳሰል የዘለለ መሠረት የለውም። ሻርበል ሱርስት ሲሆን፣ የዛሬው ዝናው በ1828 ተወልዶ በ1898 ካረፈው፣ በ1977ም ቅዱስ ከተባለው ማሮናይት መነኩሴ የመጣ ነው፤ ለሻርል ግን ቅዱሱ በ1610 ከቅዱሳን የተቆጠረው የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ሻርል ቦሮሜዎ ነው። ስሙ የማሮናይቶች ብቻ አለመሆኑንም ከላይ የተነሡት ዳባስና ማሊክ ያሳያሉ፤ ሁለቱም የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ።

ስለ ተወዳጅነቱ ሲነገር ዝናና ብዛት ይቀላቀላሉ። ከ1964 እስከ 1970 ሊባኖስን የመራው ሻርል ሔሉ ከዳባስ ጋር ሲደመር ስሙ ሁለት ፕሬዚዳንቶች አሉት፤ ነገር ግን ሁለቱም ሕግ ያጠኑ፣ ጋዜጠኝነትን የሠሩ የፈረንሳይኛ ተማሪዎች በመሆናቸው የአንድን የከተማ መደብ ምርጫ እንጂ የገጠሩን ልማድ አያሳዩም። ተወዳጅነት ዙፋንንም አይከተልም፤ ንጉሥ በሌላት አሜሪካ ስሙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሥሩ የተለመዱ የወንድ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ ንጉሥ ባላት በእንግሊዝ ግን ወላጆች ከሙሉ ስሙ ይልቅ «ቻርሊ» የሚለውን ቁልምጫ በልደት መዝገብ ላይ ማስጻፍ ይመርጣሉ። ስሙ በሌሎች ቋንቋዎች መልኩን ቀይሮም ይገኛል፤ የኢትዮጵያን አየር ኃይል ያሠለጠነውና በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ የተገደለው ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን፣ እንዲሁም በብራዚል ከሊባኖሳውያን ቤተሰብ የተወለደው የኒሳን የመኪና ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ ካርሎስ ጎስን የሚጠሩትም በዚሁ ስም ነው።