የጣት አሻራ በኮምፒዩተር የሚመሳከርበት ዘዴና በእርዳታ እደላ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በድርቅ ወይም በሌላ አደጋ ከቀዬው የተፈናቀለ ሕዝብ በተጠለለበት ጣቢያ ሁሉ ቀዳሚው ሥራ ምዝገባ ነው። አንዱ ተረጂ በሁለት ስም ተመዝግቦ ሁለት ራሽን ቢወስድ ሌላው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የምዝገባ ካርድም ሊጠፋ ወይም ሊሸጥ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ተረጂን በጣት አሻራው መለየት በብዙ አገሮች ተለምዷል። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም የአሥር ጣቶችንና የሁለት ዓይኖችን አሻራ የሚመዘግብ ዘዴ በሥራ ላይ ያዋለ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኢትዮጵያ በሚገኙ ስደተኞች ምዝገባ ተጠቅሞበታል።

አሻራ ለመለያነት መዋሉ አዲስ ነገር አይደለም። የለንደን ፖሊስ የአሻራ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ካርዶችን እያገላበጠ በዓይኑ የሚያመሳክረው ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው።

ኮምፒዩተሩ የሚያመሳክረው በዋነኛነት በጣት ቆዳ ላይ ያሉት መስመሮች የሚቋረጡባቸውንና ለሁለት የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ነው። የነጥቦቹን ሥፍራና አቅጣጫ ወደ ቁጥር ለውጦ ይመዘግባል። በምዝገባ ጊዜ የአዲሱን ተረጂ አሻራ ከመላው መዝገብ ጋር፣ በእደላ ጊዜ ግን ከራሱ ከባለካርዱ አሻራ ጋር ብቻ ያነጻጽራል። የመመሳሰሉ መጠን አስቀድሞ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ይቀበላል፤ ካነሰ ይመልሳል። ልኩ ከፍ ሲል ባለመብቱ የመከልከሉ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ሌላ ሰው በስሙ የማለፉ ዕድል ይጨምራል። በመሆኑም የኮምፒዩተሩ መልስ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ዋናው ችግር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። እርፍ ሲጨብጥ፣ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ እንጨት ሲሸከም የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ይሳሳል፤ የአረጋውያን ቆዳም ይደርቃል፣ ይሸበሸባል። ስለዚህ መሣሪያው ብዙ ጊዜ የሚመልሰው እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገውን ተረጂ ነው። በሕንድ የእህል ራሽን ከአሻራ ጋር በመያያዙ ይኸው ችግር ተከስቶ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ውሳኔ አሻራው አልመሳከር ስላለ ብቻ ማንም ድጋፉን ሊነፈግ እንደማይገባ አስገንዝቧል።

በተቃራኒው መሣሪያው የተለያዩ ሰዎችን አሻራ አንድ ሊያስመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማድሪድ ከደረሰው የባቡር ፍንዳታ በኋላ፣ የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኮምፒዩተር በተመሳሳይነት ካወጣቸው አሻራዎች መካከል የአንድ ንጹሕ ጠበቃ ይገኝበት ነበር። ባለሙያዎቹም የእርሱ ነው ብለው በማረጋገጣቸው ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ታስሯል። ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል የተባለ ተረጂም ጉዳዩ ሳይጣራ ከመዝገብ ሊሰረዝ አይገባም።

ስለሆነም በእደላ ጣቢያ የተመደበ ሠራተኛ አሻራው አልመሳከር ሲል የተረጂውን እጅ አስጠርጎ ደግሞ መሞከር፣ በሌላው ጣት ማንሣት፣ ይህም ካልሆነ በፎቶግራፉና በአካባቢው ሽማግሌዎች ምስክርነት ማረጋገጥ ይኖርበታል። ማጣራቱ የሚዘገይ ከሆነ ራሽኑ ይቅደም፤ የተመለሱት ሰዎች ቁጥርም በየዕለቱ ይመዝገብ። መዝገቡን መጠበቅም የዚያኑ ያህል ያስፈልጋል፤ የጠፋ ካርድ በሌላ ይተካል፣ ከማይገባው እጅ የገባ አሻራ ግን በሌላ አይተካም።