የ«ሀ» ቁጥር ስንት ነው?



አያቴ ከማረፉ በፊት የልጅነት ታሪኩን በኮምፒውተር ጽፎ ነበር። እኔና እናቴ ልናሳትመው በፍላሽ ይዘን እዚሁ ዓለም ባንክ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ፋይሉ ሲከፈት ግን አማርኛ የሚባል የለም! ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ብቻ ነው። እናቴ «በቃ ጠፋ» ብላ ዝም አለች። ልጁ ግን «አይዞሽ እህቴ፣ አልጠፋም» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኤ» ቁጥሩ 65 ነው። ኮምፒውተሩ 65ን ሲያይ ለዚያ ቁጥር የተሳለውን ሥዕል ያወጣል። በ1982 እ.ኤ.አ. በወጣው ኮሞዶር 64 በሚባለው የቤት ኮምፒውተር እያንዳንዱ ፊደል ወደ ጎን 8፣ ወደ ታች 8 በሆኑ ነጥቦች ይሳል ነበር። በአንድ ጊዜ የሚይዘውም 256 ምልክት ብቻ ነው።

እስቲ የኛን እንቁጠር። 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231። 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥሮች ሲደመሩ 251። እነ ሏ፣ ቧ፣ ቋ እና ሥርዓተ ነጥቦች ሲመጡማ ሞልቶ ፈሰሰ! እንግሊዝኛው ደግሞ ቀድሞ ቦታ ይዟል።

ስለዚህ የድሮ የአማርኛ ፎንት ሠሪዎች የእንግሊዝኛውን ቁጥሮች ተውሰው የኛን ፊደላት ሳሉባቸው። ሁሉም ግን በየራሱ አደራደር ነበር። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት እንግሊዝኛው ተመልሶ ይመጣል። የአያቴም ጽሑፍ የሆነው ይኸው ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ግን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥሮች ሰጠ። ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610 እያለ ይቀጥላል። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በነዚህ ቁጥሮች ነው።

ልጁ የድሮውን ፎንት ፈልጎ ሲጭነው የአያቴ ጽሑፍ ብቅ አለ። እናቴ እያነበበች አለቀሰች። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ አተመልን።

እናንተም ቤታችሁ እንዲህ ያለ የድሮ ፋይል ካለ «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳታጠፉት!

የቤት ሥራ፦ በካሬ ወረቀት ላይ 8 በ8 አስምሩና ካሬዎቹን እያጠቆራችሁ መጀመሪያ ሀን፣ ቀጥሎ ጬን ሳሉ። የቱ አስቸገራችሁ? መልሱን ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን አምጡ።

ቸር ይግጠመን!