ተጨማሪ መረጃ፦ ከባድ ማሽን የሚጎትት ፒክአፕና የተጎታቹ ፍሬን

አንድ ፒክአፕ 2000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አነስተኛ ኤክስካቫተር በተጎታች ላይ ጭኖ ሊጎትት ነው እንበል። ተጎታቹ ራሱ 700 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ መኪናው የሚስበው 2700 ኪሎ ግራም ነው። ይህ ድምር ከመኪናው የመጎተት አቅም፣ ከመንጠቆው፣ ከተጎታቹ አክስልና ጎማ አቅም መብለጥ የለበትም።

ፍሬን ለምን? ፍጥነት በሰዓት ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የእንቅስቃሴ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ የመኪናው ፍሬን ብቻውን መሸከም አይችልም። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ ግራም በላይ የሆነ ተጎታች የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል።

ዓይነቶቹ፦
• የግፊት ፍሬን፦ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተጎታቹ ወደ ፊት በሚገፋው ኃይል ይሠራል።
• የኤሌክትሪክ ፍሬን፦ በጋቢና ውስጥ ባለ መቆጣጠሪያ ይታዘዛል፤ ሾፌሩ የተጎታቹን ፍሬን ለብቻው መያዝም ይችላል።

አጫጫን፦ በአሜሪካ በተለመደው ልክ ከድምሩ ከ10 እስከ 15 በመቶው መንጠቆው ላይ ያርፋል። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ በፍጥነት ጊዜ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ሊገለብጥ ይችላል።

ቁልቁለት፦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ግሎ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ይቀየር፤ ጉዞ ከመጀመሩ በፊትም የተጎታቹ ፍሬን በዝግታ እየተነዳ ይሞከር።