በየጊዜው ስለሚመነጭ የመፈተኛ መረጃና ለነጋዴው ስላለው ጥቅም

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የስልክ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተው ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት የአገሪቱ የእጅ ስልክ ቁጥር ሁሉ በ09 የሚጀምር ስለ ነበረ፣ በ07 የሚጀምረው አዲሱ ቁጥር ከሌሎች ከተሞች ቀድሞ በሕዝብ እጅ የገባው በዚህችው ከተማ ነው። ይህ ለተራው ተናጋሪ የአንዲት አኀዝ ለውጥ ብቻ ሊመስለው ይችላል። የደንበኛን ስልክ ተቀብሎ ሒሳብ ለሚያወራርድ፣ ደረሰኝ ለሚልክና ዕቃ ለሚያስረክብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ «የእጅ ስልክ በ09 ይጀምራል» ተብሎ ተሠርቶ እንደ ሆነ፣ በ07 የመጣውን ገዢ «ቁጥርዎ ስሕተት ነው» ብሎ ከበር ይመልሰዋል፤ ባለሱቁም ገዢው ስለ ምን እንደ ቀረ ሳያውቅ ገበያውን ያጣል።

እንዲህ ያለው ጉድለት ሳይታይ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ ሳይፈተን ቀርቶ አይደለም። ተፈትኗል፤ ነገር ግን የተፈተነው ሠሪው የሚያውቃትን አንዲት ቁጥር በየቀኑ ደጋግሞ በመላክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ነው፤ ፕሮግራም በምን ዓይነት መረጃ መፈተን እንደሚገባው።

በቅድሚያ የሚፈተነው ነገር ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ዛሬ አስመጪው ፈቃድ የሚጠይቀው በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሮኒክስ ነጠላ መስኮት አገልግሎት ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር ገንዘብ ይቀበላል። ባንኩ፣ ጉምሩኩ፣ የስልክ ድርጅቱና የነጋዴው መዝገብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ኮምፒዩተር አላቸው። አንዱ ኮምፒዩተር ሌላውን የሚጠይቅበትና መልስ የሚቀበልበት የተወሰነ ሥርዓት በሙያው ቋንቋ ኤ.ፒ.አይ. ይባላል። እንደ አንድ የመሥሪያ ቤት መስኮት ቢቈጠር ነገሩ ይገባል፤ ቅጹ በትክክል ተሞልቶ ከቀረበ ይቀበላል፣ ከጐደለ ይመልሳል። ልዩነቱ በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ ሰው አለመሆኑ ነው፤ የተጠራጠረውን ነገር ባለጉዳዩን ጠይቆ አይረዳም።

ይህን መስኮት ሰው ተቀምጦ ቢፈትነው ቀኑ አይበቃውም። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ተሠርቶ፣ ሌሊት ሌሊት በመቶ የሚቈጠሩ ቅጾችን እየላከ የሚመጣውን መልስ ከሚጠበቀው ጋራ ያስተያያል። በቅጾቹ ላይ የሚጻፈው ግን ከወዴት ይመጣል? አንዳንዱ ሠሪ አንድ ጊዜ የጻፈውን ዘወትር ይልካል፤ ሌላው በየፈተናው አዲስ መረጃ በዕጣ የሚያወጣ አመንጪ ያዘጋጃል።

የተወሰነው መረጃ ለመጀመሪያ ቀን መልካም ነው። በሁለተኛው ቀን ያንኑ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ዳግመኛ ለመመዝገብ ሲላክ መስኮቱ «ይህ ሰው ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራሙ ሳይበላሽ ፈተናው ወደቀ ይባላል። ከዚህም ሌላ መረጃው ያረጃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. አስቀድሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበረ፤ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ57 ብር ብቻ ሲፈተን የኖረ የዋጋ ማስያ፣ በብር የተቈጠረው ሒሳብ አንድ አኀዝ ሲጨምር ሣጥኑ ይበቃው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ማንም አላየለትም።

አንዳንዶች አቋራጭ ፈልገው የእውነተኛ ደንበኞችን መዝገብ ገልብጠው ለፈተና ያውሉታል። ይህ አደገኛ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በሕግም የሚያስጠይቅ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሆኖም መረጃን በዕጣ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣውን ኮንቴይነር መመልከት ነው። በሣጥኑ ላይ አራት የላቲን ፊደላትና ሰባት አኀዞች ተጽፈዋል፤ የመጨረሻዋ አኀዝ የማረጋገጫ አኀዝ ናት። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ፊደላቱ ከ10 ጀምሮ ዋጋ ይሰጣቸዋል፣ በ11 የሚካፈሉት ቁጥሮች ይዘለላሉ። ከዚያም የመጀመሪያው ምልክት በ1፣ ሁለተኛው በ2፣ ሦስተኛው በ4፣ እንዲሁ እጥፍ እየሆነ ዐሥረኛው በ512 ይባዛል። ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው የመጨረሻዋ አኀዝ ይሆናል፤ 10 ቢተርፍ 0 ይጻፋል። ለምሳሌ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው፣ ዩ 305438 የሚለው ሲሰላ ድምሩ 6,185 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 562 ደርሶ 3 ይተርፋል። ስለዚህ የሣጥኑ ሙሉ ቁጥር በ3 መጨረስ አለበት። አንድ ጸሐፊ ሁለቱን አኀዞች አዟዙሮ ቢጽፍ ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጠዋል።

እንግዲህ አመንጪው ይህን ሳያውቅ ሰባቱንም አኀዝ እንዲያው በዕጣ ቢያወጣ፣ ከዐሥሩ ቅጾች ዘጠኙ ያህል ገና በደጃፉ ይመለሳሉ። ፈተናው ዘበኛውን ብቻ ይፈትናል፤ በውስጥ ያለው የቀረጥ ስሌት ሳይነካ ያድራል። ስለዚህ ብልኅ አመንጪ ስድስቱን በዕጣ አውጥቶ ሰባተኛዪቱን ያሰላታል። ደግሞም ሆን ብሎ አልፎ አልፎ የተሳሳተች አኀዝ ይጽፋል፤ መስኮቱ ስሕተቱን መያዙ መታየት አለበትና።

በኢትዮጵያ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ወጥመድ የዘመን አቈጣጠሩ ነው። በውጭ አገር የተሠሩት አመንጪዎች ዓመቱን በ12 ወር ያውቁታል። ጳጉሜን አያውቋትም። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ 6 ትሆናለች። በ2015 ዓ.ም. 6 ስለ ነበረች የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 12 ቀን ዋለ። «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም በዚያ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ በአንድ ቀን ይሳሳታል። የሌተር ኦፍ ክሬዲት ማብቂያና የዕቃ ማንሻ ቀን በአንድ ቀን ቢዛነፍ የሚከተለውን ወጪ አስመጪዎች ያውቁታል። ዕጣውም ብቻውን አያድንም፤ ጳጉሜ 6 ከ1,461 ቀናት መካከል አንዲት ቀን ስለ ሆነች በዕጣ እስክትወጣ መጠበቅ ከንቱ ነው። አመንጪው እርስዋን ለይቶ በየሌሊቱ እንዲያቀርብ መታዘዝ አለበት። በ2019 ዓ.ም. ጳጉሜ ዳግመኛ 6 ቀን ናት።

የስም ነገርም ቀላል አይደለም። ፖስትማን በተባለው የታወቀ መሣሪያ ውስጥ በዕጣ ስም የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ የሚያወጣቸው ስሞች ግን የፈረንጅ ናቸው፣ የቤተሰብ ስምም አላቸው። የእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለአንባቢ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ልዩ ልዩ ናቸው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ዐረብኛ በአንድ ገበያ በሚነገርበት በድሬዳዋ ደግሞ መሐመድ የሚለው አንድ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል። አመንጪው እነዚህን ሁሉ እያፈራረቀ ካላቀረበ የአንድ ደንበኛ ሒሳብ በሁለት መዝገብ ተከፍሎ መገኘቱ አይቀርም።

በዕጣ መፈተን አዲስ ነገር አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ባርተን ሚለር በአንድ ዝናባማ ሌሊት ከቤታቸው በስልክ መስመር ሲሠሩ፣ በመስመሩ ላይ በሚፈጠረው ሁከት የገቡ ትርጉም የለሽ ፊደላት ፕሮግራሞችን ሲጥሉ ተመለከቱ። ከተማሪዎቻቸው ጋራ ሆነው ያንኑ ሆን ብለው ቢሞክሩ፣ በዩኒክስ ላይ ከተፈተኑት ፕሮግራሞች ከአራት አንዱ እስከ ከሦስት አንዱ ያህል ወድቆ ተገኘ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊድን ኩን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ ክዊክቼክ የተባለውን መሣሪያ አስተዋወቁ።

የክዊክቼክ ቁም ነገር የሚከተለው ነው። መረጃው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ሊጻፍ አይችልም። ስለዚህ መልሱን በመጻፍ ፈንታ፣ መረጃው ምንም ቢሆን የማይሻር ደንብ ይጻፋል። «ከሒሳቡ የሚወጣው ገንዘብ ካለው አይበልጥም» የሚለው አንዱ ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣት ችለው ነበር፤ ባንኩ ነገሩ ከውጭ የተሰነዘረ ጥቃት አለመሆኑን አስታውቆ፣ ያለአግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጿል፤ አብዛኛውም ተመልሷል። የትኛው ፈተና ያንን ይይዘው እንደ ነበረ ከውጭ ሆኖ መፍረድ አይገባም፤ ደንቡ ግን በማናቸውም የገንዘብ መስኮት ላይ በየሌሊቱ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

በዕጣ የሚደረግ ፈተና አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ሌሊት የወደቀው ጠዋት ሲደገም ያልፋል፣ ዕጣው ሌላ ነውና። መድኃኒቱ የዕጣውን መነሻ ቁጥር በመዝገብ መጻፍ ነው። ያች መነሻ ቁጥር ተመልሳ ስትሰጠው አመንጪው ያንኑ መረጃ በዚያው ተራ ያወጣል፤ ሠሪውም ስሕተቱን በዓይኑ ያየዋል። መነሻ ቁጥሩ ያልተመዘገበበት ፈተና ባይደረግ ይሻላል፤ ሰው ስሕተቱን ፍለጋ ቀኑን ያጠፋበታል፣ ኋላም ፈተናውን ማመን ይተዋል።

ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ይህን ሁሉ ራሱ መሥራት አይጠበቅበትም፤ ርክክብ ሲያደርግ ግን ጳጉሜ 6፣ የ07 ቁጥርና የተሳሳተ የኮንቴይነር አኀዝ ተልከው የመጣውን መልስ እንዲያሳዩት መጠየቅ ይችላል። ፈተናው የሚካሄደው ከእውነተኛው ተለይቶ በተሠራ የመለማመጃ መስኮት መሆኑንም ያረጋግጥ። በዕጣ የወጣ የስልክ ቁጥር የእውነተኛ ሰው ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ በዚያ መስኮት የሚጻፈው አጭር መልእክት ወደ ስልክ ድርጅቱ እንዳይሄድ መስመሩ መቈረጥ አለበት፤ አለዚያ ምንም ያልገዛ ሰው በሌሊት የ40,000 ብር ደረሰኝ ይደርሰዋል።