ኦቲዝም ያለበት አዋቂ ሰው ድጋፍ ከየት ያገኛል?

አንዳንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ አፉን ቶሎ አይፈታም። ሲጠሩት ዞር አይልም። የገበያ ጫጫታ ያስጨንቀዋል። አንዱን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል። ይህ ኦቲዝም ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ዛርም፣ ቡዳም፣ እርግማንም አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ልጁ ሲያድግም አብሮት ይኖራል። ስለዚህ ጎልማሳውም ድጋፍ ያሻዋል።

አንዲት እናት ምን ሠሩ?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት። ትምህርት ቤቶች አልቀበልም አሏቸው። እሳቸው ግን ልጃቸውን አልደበቁም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 አዲስ አበባ ላይ ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልንም ከፈቱ። አፍ ላልፈቱ ልጆች «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚባል የፊደል ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2013 ዓ.ም. አረፉ። አንድ ሰው በአደባባይ ሲናገር የብዙ ሰው በር እንደሚከፈት አሳይተዋል።

በወለቃስ?

አንደኛ፣ ሰውየውን ቤት ውስጥ አትዝጉበት፤ አትሰሩት። በአጭር ቃል ንገሩት። እያሳያችሁ አሠሩት። መልሱን ታግሣችሁ ጠብቁ። ወለቃ የሸክላ አገር ናት። ጭቃ ማቡካት ወይም ምጣድ ማለስለስ ከወደደ ሥራው ይሁን፤ የሠራበትንም ዋጋ ያግኝ።

ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ። የሚጥለው ከሆነ ሐኪም ይየው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም አካል ጉዳተኞችን በየመንደራቸው የሚረዳ የተሃድሶ ፕሮግራም አለውና ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ መብቱን አስከብሩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት የዓለም ስምምነት አጽድቃለች። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያ ያውጣ። ወንድምና እኅት ውርስ ሲካፈሉ ድርሻው አይቅር።

አራተኛ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ተሰባሰቡ። ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ቤተሰቦች በእድር ይምከሩ፤ ወደ ቀበሌም አብረው ይሂዱ። ሰውየውንም ይዛችሁት ሂዱ። በቃል ባይናገር በእጁ ያመለክታል፤ እምቢታውንም ያሳያል። ስለ እሱ ጉዳይ ያለ እሱ አይወሰን።

ጥያቄዎች
1. ኦቲዝም ከምን ይመጣል?
2. በመንደራችሁ ከቤት የማይወጣ ሰው አለ? ለምን?
3. ለእሱ እድራችሁ ምን ሊያደርግ ይችላል?